ከደወል በፊት

ጋሽ መቀስ ስፌት ቤቱ የሚደርሰው ደወሉ ሊደወል ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነው። የቀረው ሠራተኛ ገና ፊቱን ሲታጠብ ወይም አውቶቡስ ሲጠብቅ፣ እሱና ሁለት ሴቶች መብራት አብርተው፣ ጨርቅ ዘርግተው፣ ሌላ ሰው እንዳያይባቸው የሚፈልጉትን ሥራ ይጀምራሉ።

ሥራው እንዲህ ነው። ለሐኪሞች ጋዎን የሚሆነው ነጭ ጨርቅ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተደራርቦ ይነጠፋል። የካርቶኑ ቅርጽ ከላዩ ይጋደምና ዙሪያው በጠመኔ ይሰመራል። ሌላ ስፌት ቤት ቢሆን ቆራጩ መቀሱን አንስቶ ጠመኔውን ተከትሎ ይቆርጣል፤ በቃ። እዚህ ግን ሁለቱ ሴቶች ትልልቅ መርፌ ይዘው በጠመኔው መስመር ላይ ወፍራም ነጭ ክር ይወሰውሳሉ። ጋሽ መቀስ ቀኑን ሙሉ በግራ አውራ ጣቱ ክሩን እየዳበሰ፣ ቀኝ እጁ ጣቱን እየተከተለ ይቆርጣል። ነጭ ክር በነጭ ጨርቅ ላይ ለሩቅ ተመልካች አይታይም። ለእሱ ደግሞ መታየት አያስፈልገውም።

ዓይኑ ከከዳው ሦስት ዓመት አልፎታል። ሐኪሙ «በመነጽርም፣ በቀዶ ጥገናም የሚመለስ አይደለም፤ የቀረውን ለማቆየት ጠብታውን እንዳታቋርጥ» ብሎ አሰናብቶታል። ሰው ሲመጣ ያያል፣ ማን እንደሆነ ግን የሚለየው በድምፁና በአረማመዱ ነው። የጠመኔ መስመርማ ከነጭራሹ ከዓለም ጠፍቷል። ቢሆንም በእነዚያ ሦስት ዓመታት ከእሱ ጠረጴዛ ተጣሞ የወጣ አንድ እጅጌ የለም።

ከሁለቱ ሴቶች አንዷ ኮሌታ ትባላለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ኮሌታ ስትሰፋ ኖራ የገዛ ስሟ ተረስቷል። ምላሷ ከመርፌዋ ይልቅ ይወጋል። ሌላዋ አዝራር የምትተክለው ናት፤ ዝምታ ይሏታል። ከሰላምታ የተረፈ ቃል ከአፏ ከወጣ ሠራተኛው ቀኑን ያስታውሰዋል።

ያኔ ስፌት ቤቱን የምትመራው ልጅቷ ነበረች። ዕድሜዋ ሠላሳ አራት ነው፣ ግን ባለቤቱ የነበረው አባቷ «ልጅቷ ስትመጣ፣ ልጅቷ ስትማር» እያለ ስላስለመዳቸው ልጅቷ ሆና ቀረች። አባትየውን ከጀርባው ነጎድጓድ ነበር የሚሉት። ከደጅ ሲሳደብ የጓሮው መስኮት ይንቀጠቀጣል። ከዕለታት አንድ ቀን ድንገት ተነስቶ «ይህን ሁሉ ነጭ ጨርቅ በጨለማ እያቆሸሻችሁ ነው የምታስረክቡኝ» ብሎ ከመቁረጫው ጠረጴዛ በላይ ያለውን ግድግዳ አስፈርሶ ሰፊ መስኮት አስገጠመ። ሰው ሁሉ ቁጣው ጭንቅላቱ ላይ ወጣ ብሎ ስቆበታል። አምና ሲሞት ልጅቷ ከተማረችበት ሩቅ አገር ሁለት ሻንጣ ይዛ መጣች።

በመጣች ሳምንት የአባቷን ትልቅ የቆዳ ወንበር ከቢሮ አስወጥታ ስፌቱ መሐል አስቀመጠችው። «እግሩን ያመመው ይቀመጥበት» አለች። ሳምንት ሙሉ ማንም ዝር አላለበትም። በኋላ ልብስ ተኳሿ ደፍራ ተቀመጠችና እንቅልፍ ወሰዳት፤ ስትነቃ ልጅቷ በእሷ ፋንታ ካውያውን ይዛ ስትተኩስ አገኘቻት። ከዚያ ወዲያ ወለል ትጠርጋለች፣ ምሳዋን ከሠራተኛው ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ትበላለች፣ የማን ልጅ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ በስም ትጠይቃለች።

«ይቺ ልጅ ወይ ቅድስት ናት፣ ወይ የጠፋባት ነገር አለ» አለች ኮሌታ። «ካልሆነ ወለል እንዲህ አይጠረግም።»

«አንቺ ደግሞ ጥሩ ነገር ስታዪ ያምሻል» አላት ጋሽ መቀስ። «አባቷ አንድ ቀን ደህና ዋላችሁ ብሎን ያውቃል?»

«አያውቅም። ቢያንስ የት እንዳለ ድምፁ ይነግርህ ነበር።»

ጋሽ መቀስ ግን ልጅቷን ወደዳት። ሠራተኛው ሲጠረጥራት ጥብቅና የሚቆምላት እሱ ነበር። «ተዉ፣ ልቧ ንጹሕ ነው፤ ሆዳችሁን ስጧት» ይላል። ሠራተኛውም እሱን አምኖ ሆዱን ሰጣት። ማን ወገቡን እንደሚያመው፣ ማን ከባሏ ጋር እንደተኳረፈች፣ ሁሉም ነገር እየተነገረ መጣ።

አንድ ጠዋት ልጅቷ ሠራተኛው ከመግባቱ በፊት ወለሉን ልጠርግ ብላ ማልዳ መጣች። በሩን ስትከፍት ሦስቱ ሰዎች በጨርቁ ላይ አጎንብሰው ነበር። መርፌዎቹ በአየር ላይ ቆሙ።

«ምን እየሠራችሁ ነው?»

ጋሽ መቀስ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አጋደመና ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩን አፍ አውጥቶ ተናገረው። «አላይም፣ ልጄ። መስመሩን ማየት ካቆምኩ ሦስት ዓመቴ ነው። እነዚህ ናቸው ያኖሩኝ።» ቀጥሎም «እንጀራዬ በእጅሽ ነው። ይህ ነገር ከዚህ ክፍል ከወጣ እኔም አብሬው ወጣሁ ማለት ነው» አላት።

ልጅቷ እንባዋ መጣ። እጁን ያዘችና «ከእኔ አፍ አይወጣም፣ ጋሼ። ቃሌ ነው» አለች። ከዚያም መጥረጊያውን ግድግዳ አስደግፋ መርፌ ጠየቀች።

ኮሌታ ልጅቷ የሰፋችውን አየችና «እንዲህ ከተወሰወሰማ ሐኪሙ ሦስት እጅ ሊኖረው ነው» አለቻት። ልጅቷ ከልቧ ሳቀች፣ ተረተረችው፣ እንደገና ሰፋችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አራት ሆኑ። ሦስት ወር ሙሉ ልጅቷ አንድ ቀን አልቀረችም። ጋሽ መቀስ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ «የሰው ልጅ አለ» ይላታል። «ምን አደረገችልህ?» ስትለው፣ «መርፌ ያዘችልኝ» ነው መልሱ።

በአራተኛው ወር ልጅቷ የድርጅት ኃላፊዎች በሚሰበሰቡበት ጉባኤ ላይ ንግግር እንድታደርግ ተጠራች። ሰውን ዝቅ ብሎ ስለመምራት ትናገራለች ተባለ። «ጋሼ፣ እርስዎና ኮሌታ የክብር እንግዶቼ ናችሁ» አለችው። ሚስቱ ኮቱን ተኮሰችለት። ኮሌታ ለዓመት በዓል ብቻ የምታደርገውን ጫማ አድርጋ እግሯን እያነከሰች መጣች።

አዳራሹ በቀን መብራት በርቶበት ነበር። ከፊት ረድፍ አስቀመጧቸው። ልጅቷ ወደ መድረኩ ወጣች። ለጋሽ መቀስ አንዲት ሰማያዊ ጥላ ናት፤ ድምፁ ግን የእሷ ነው፣ ያ ጠዋት ጠዋት የሚያውቀው ለስላሳ ድምፅ።

ስለ ወንበሩ ተናገረች፤ ሰው ሳቀ። ስለ ተኳሿ ተናገረች፤ ጭብጨባ ሆነ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አሁን ደግሞ መምራት ምን እንደሆነ ያስተማረኝን ሰው ታሪክ ልንገራችሁ» አለች። «ስሙን አልጠራም። ቆራጭ ነው። ዓይኑ አያይም።»

ኮሌታ ክንዱን ጨበጠችው። ጥፍሯ በኮቱ አልፎ ተሰማው።

ልጅቷ ሁሉንም ተናገረችው። ግማሽ ሰዓቷን፣ ጠመኔውን፣ ወፍራሙን ክር፣ በአውራ ጣት መዳበሱን። እሷ ራሷ መርፌ ይዛ መቀመጧን። የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር፣ ደግሞም ያምራል። ስለ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ጋሽ መቀስ ራሱ ባጨበጨበ። ስለ እሱ ስለሆነ ግን በተሰበሰበ ሕዝብ ፊት ልብሱን አንድ በአንድ እያወለቁ የሚያጣጥፉለት መሰለው፤ በጥንቃቄ፣ በፍቅር።

«ያ ሰው ዛሬ እዚህ አለ» አለች በመጨረሻ። «ጋሼ፣ እባክዎ ይነሱልን።»

ተነሳ። ምን ያድርግ? ሦስት መቶ ሰው ብድግ ብሎ አጨበጨበለት። እሱ ያየው ጉም ነው፤ በጉሙ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ብዙ ጥቁር ነገር። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

«ተቀመጥ» አለች ኮሌታ በጥርሶቿ መሐል። «ተቀመጥ፣ አንተ ሰው። ይበቃቸዋል።»

ሲወጡ ሰዎች እየመጡ ጨበጡት። አንዱ እጁን በሁለት እጁ ይዞ አልለቅም አለው፤ ድምፁ በለቅሶ ታንቆ ነበር። ጋዎኖቹን የሚገዛው የትልቁ ሆስፒታል የግዢ ኃላፊ እንደሆነ ልጅቷ በጆሮው ነገረችው። መኪና ውስጥ ደስታዋን መያዝ አቅቷት «አይተዋል፣ ጋሼ? ሰው አልቅሷል እኮ» እያለች መጣች። ጋሽ መቀስ «ሰምቻለሁ» አላት። ኮሌታ መንገዱን ሙሉ ጫማዋን አውልቃ በመስኮት ውጭ ውጭውን ታይ ነበር።

ደብዳቤው የመጣው በአምስተኛው ቀን ነው። የፈረመው ያው ያለቀሰው ሰውዬ ነው። ልጅቷ ጋሽ መቀስን ቢሮ ጠርታ አነበበችለት። በአጭሩ፣ ሆስፒታሉ ጋዎን መግዛቱን እንዲቀጥል የቆራጩን የዓይን ጤንነት የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት ይቅረብ የሚል ነው።

«በሦስት ዓመት ውስጥ በእኔ እጅ ተበላሽቶ የሄደላቸው አንድ ልብስ አለ?» አለ ጋሽ መቀስ።

«የለም።»

«ይህን ጻፊላቸዋ።»

«ደውዬ ነግሬአቸዋለሁ። ወረቀቱን ነው የሚሉት።» አፍንጫዋን ጠረገች። «የኤሌክትሪክ መቁረጫ አዝዣለሁ። ሰኞ ከባለሙያው ጋር ይመጣል። እርስዎ ግን የትም አይሄዱም። ደመወዝዎ አይነካም። አማካሪ ይሆናሉ። የአባቴን ወንበር በሩ አጠገብ አደርግልዎታለሁ። ከጉባኤው ወዲህ ስንት ሰው ልምጣና ልይ እያለ ነው።»

«ምን ሊያዩ?»

«ስለ ክሩ ሊሰሙ። እርስዎ ይነግሯቸዋል።»

«ክር ሳይኖር?»

ልጅቷ ደብዳቤውን ስታጣጥፍ ወረቀቱ ተንኮሻኮሸ።

«ቃል ሰጥተሽኝ ነበር፣ ልጄ።»

«ስምዎን እኮ አልጠራሁም።»

«ተነስ አልሽኝ።»

በግድግዳው በኩል የስፌት መኪኖቹ ድምፅ ይሰማል። «ክብር መስሎኝ ነው» አለች በኋላ። «እግዚአብሔር ይየኝ፣ ጋሼ፣ ክብር መስሎኝ ነው።»

አመናት። የከፋውም ይኸው ነበር። በክፋት አድርጋው ቢሆን ንዴቱን የት እንደሚያስቀምጠው ያውቅ ነበር፤ በደግነት የተደረገበትን ነገር ግን ይዞ መቆም እንጂ መጣያ አላገኘለትም።

«ሁሉን ነገር ትጠይቂናለሽ» አላት ቀስ ብሎ። «ወገባችሁ እንዴት ነው፣ ልጃችሁ አለፈ ወይ፣ ሻይ ይምጣላችሁ ወይ። ያቺን አንዲቷን ነገር ከመናገርሽ በፊት ማንን ጠየቅሽ?»

«በእኔ ቦታ ቢሆኑ አሁን ምን ያደርጉ ነበር? አርባ ሰው ነው፣ ጋሼ። ይህ ገዢ ከሄደ ቤቱ ይዘጋል።»

ከአርባው ሰው ውስጥ ኮሌታም አለች፣ ዝምታም አለች። «ላስብበት» ብሎ ተነሳና፣ አሥር ጊዜ የገባበትን ቢሮ በር እጀታ ሲፈልግ እጁ ግድግዳውን ዳበሰ። ልጅቷ ልትከፍትለት ብድግ ስትል ሰማት። «ተይው» አላት። «አገኘዋለሁ።»

በዚያው ቀን ከሰዓት ከኮሌታ ጋር ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄዱ። ሁልጊዜ በግራው በኩል ትሆናለች፤ ጉድጓድ ሲኖር ክንዱን ትነካዋለች እንጂ አትናገርም።

«አንድ ነገር ልነግርህ ነው» አለችው። «ግን መንገድ ላይ እንዳትገተርብኝ። አውቶቡሱ ያመልጠናል።»

«በይ።»

«ክሩ የእኔ ዘዴ ይመስልሃል አይደል?»

«የማን ሊሆን ነው?»

«እኔ ኮሌታ ከመስፋት ሌላ ምን ዘዴ አለኝ? የነጎድጓድ ነው።»

ጋሽ መቀስ መንገድ ላይ ተገተረ።

«አላልኩህም?» አለች ኮሌታ። ከኋላቸው የሚመጣውን ሰው አሳልፋ ወደ አጥሩ ጥግ ሳበችው። «ቢሮ ጠራኝ። በሩን ዘጋ። ልትባረር ነው ብዬ ፈራሁ። እንደዚያ ቀን ዝግ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ‹መቀስ መስመሩን አያይም፤ እጁ ግን ያያል። በክር ወስውሱለት› አለኝ። ቁልፉን አወጣና ሰጠኝ። ይኼ በየጠዋቱ የምንገባበት ቁልፍ ከየት የመጣ መሰለህ?»

«ያውቅ ነበር?»

«ከአንተ በፊት ነው ያወቀው። ‹እኔ እንዳወቅሁ ከሰማ አንቺን ነው የማባርረው› አለኝ። መስኮቱንስ? ለጨርቅ ብሎ ግድግዳ የሚያፈርስ ሰው አይተሃል?»

ጋሽ መቀስ ያን ሁሉ ዓመት ነጎድጓድ በጠረጴዛው አጠገብ ሲያልፍ የሚጮኸውን ድምፅ ሰማው። አንተ መቀስ፣ ዛሬም ትጎተታለህ? እስክትጨርስ የሚያረጅ ልብስ ነው የምትቆርጥልኝ? እየሰማው ይሳቀቅ ነበር። ቤቱ ገብቶ ይረግመው ነበር። በቀብሩ ዕለት ከሰው እኩል አንገቱን ደፋ እንጂ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣውም።

«ለምን እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ?»

ኮሌታ ጥያቄው የገረማት መሰለች። «አትንገሪ ተባልኩ እኮ» አለች።

አውቶቡሱ መጥቶ፣ ቆሞ፣ ሄደ። ኮሌታ ከኋላው እያየችው ተነፈሰች። «ለልጅቷ እንንገራት ይሆን? አባቷን ክፉ እንደመሰላት ልትኖር ነው።»

ጋሽ መቀስ አጥሩን በእጁ እየዳበሰ ወደ ማቆሚያው መራመድ ጀመረ።

ሰኞ ጠዋት ልማዱ ሆኖ ደወሉ ሊደወል ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ደረሰ። ከበሩ ውጭ ብዙ ሰው ቆሟል። በአረማመድም በሳልም አንድ በአንድ ለያቸው፤ ተኳሿ፣ ኪስ ሰፊዎቹ፣ ኮሌታ፣ ዝምታ። ማንም አይገባም። የጉባኤውንም የማሽኑንም ነገር ሁሉም ሰምቷል። ከውስጥ የመጥረጊያ ድምፅ ይሰማል።

ደወሉ ሊደወል ጥቂት ሲቀረው በሩ ተከፈተና የልጅቷ ድምፅ መጣ። «ግቡ እንጂ። ውጭ ምን ያቆማችኋል?»

ከሰው ሁሉ መሐል የመለሰችላት ዝምታ ናት። «ደወል አልተደወለም» አለች።

ወገባቸውን፣ ትዳራቸውን፣ ልጆቻቸውን የነገሯት ሰዎች ከዚህ ወዲያ በሰዓቱ ይገባሉ፣ በሰዓቱ ይወጣሉ፤ ልጅቷም ይህ የገባት ይመስላል፣ መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ። ጋሽ መቀስ ብቻውን አልፏት ገባ። የመጣው መቀሱን ሊወስድ ነው። እጀታው በጨርቅ የተጠመጠመ ነው፣ የገዛ ንብረቱ፤ በዳበሳ አገኘው። ጠረጴዛው አጠገብ ትልቅ የእንጨት ሣጥን ቆሟል፤ ማሽኑ መሆኑ ነው። ከመስኮቱ የሚመጣው ብርሃን ፊቱን ሞቀው። ትንሽ እዚያው ቆመ።

«ወንበሩን አስተካክዬልዎታለሁ» አለች ልጅቷ ከኋላው።

«አይ፣ ልጄ። እኔ ቁጭ ብዬ የሚወራብኝ ሰው አይደለሁም።»

«ይቆጡኝ፣ ጋሼ። ይስደቡኝ፣ የፈለጉትን ይበሉኝ።»

«መሳደብ አልችልበትም። የሚችልበት ሞቷል።»

ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ ወጣት። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «አባቴ ያውቅ ነበር? የዓይንዎን ነገር?» አለች። «እኔ እዚህ የመጣሁት እሱ ያልሆነውን ልሁን ብዬ ነው። እየጮኸ አሳደገኝ፣ እየጮኸ ሞተ። አንድ ደግ ነገር አድርጎ ቢሆን ማወቅ እፈልግ ነበር። አንድ ነገር ብቻ።»

የጋሽ መቀስ አፍ ተከፈተ። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ቢነግራት የምትሆነውን ያውቃል። አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች፣ ከዚያም ዕድሜዋን ሙሉ ያጣችውን አባት ያገኘች ያህል ደስ ይላታል። ይገባታልም። ግን ደግሞ ሌላ ጉባኤ ይኖራል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ ትላለች፤ ያ በሩን ዘግቶ ዝግ ብሎ የተናገረ ሰውም፣ በሦስት መቶ ሰው ፊት፣ ከመቃብሩ ተነስ ይባላል።

«አባትሽ ድምፀ ትልቅ ሰው ነበር» አላት።

«ሌላስ?»

«ሌላ አልሰማሁም።»

ደወሉ ተደወለ። ሠራተኛው በሩን ሞልቶ መግባት ጀመረ፤ እሱ በሰዎቹ መሐል ወደ ውጭ ሄደ። መንገድ እየለቀቁለት ያልፋሉ። ደፉ ላይ ሲደርስ የኮሌታ እጅ ክንዱን ነካው፤ ደረጃ አለ ማለቷ ነው።

«ነገርካት?» አለችው በሹክሹክታ።

«ምኑን?» አላት ጋሽ መቀስ፣ መቀሱን ብብቱ ሥር አድርጎ እግሩን ወደ ደረጃው እየሰደደ።